ቀዳዳ የሌለው የእትዬ አመለወርቅ ኳስ

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሮ ያለው ያቅና፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። እሺ በሉኛ! እሺ ካላችሁማ ልጀምር።

አዲስ አበባ ውስጥ እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ክንድና መቀመጫ በመርፌ ሲወጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ጡረተኞች ጋር ቦውሊንግ፣ ያን ኳስ አንከባሎ የቆሙ ፒኖች የሚጣሉበትን ጨዋታ፣ መጫወት ጀመሩ። ያቺ ቅዳሜ ናት ከሰው የቀላቀለቻቸው። ከእሑድ እስከ ዓርብ እሷኑ ሲጠብቁ ይሰነብታሉ።

ምን ያደርጋል! የእትዬ አመለወርቅ አውራ ጣት ወፍራም ነው፤ የቦውሊንግ ቤቱ ኳሶች የጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ። አንድ ቅዳሜ ጣታቸው ተቀርቅሮ ቀረና፣ ኳሱ ሲሄድ እሳቸውም ተከትለው ሄዱ። በደረታቸው ተንሸራተው የኳሱ መንገድ መሃል ላይ ተዘረጉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቅዳሜ ቤት ዋሉ፤ ጣታቸው አብጦ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ግን ግድግዳ ማየት ሰለቻቸው። "ለጣቴም ለጡረታዬም የሚሆን የራሴን ኳስ እገዛለሁ! የፊታችን ቅዳሜ ካልተጫወትኩማ በቃ፣ እዚሁ ተቀምጬ መሻገቴ ነው" ብለው ተነሡ።

የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው ቃልአብ ሦስት ኳስ ደረደረላቸው። የመጀመሪያው ያብረቀርቃል። "ይሄ ተጠማዝዞ ነው የሚሄደው እትዬ፤ በደንብ ለለመደ ሰው ነው፤ ዋጋውም ጠንከር ይላል" አላቸው።

"ተወው ልጄ፣ እኔ ቀጥ ብሎ ቢሄድልኝ ይበቃኛል።"

ሁለተኛውን ሊያነሡ ቢሉ ወገባቸው ጮኸ። "ይሄ ኳስ ነው ወይስ ወፍጮ?" አሉ። ሦስተኛው ግን ሰማያዊ፣ ተራ ፕላስቲክ፣ ለክንድ ቀለል ያለ፣ ለኪስም የማይጎዳ ነበር። "ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም" አለ ቃልአብ። እትዬ አመለወርቅ ከፍለው እቅፍ አደረጉትና ወደ ቀኝ አገላበጡት፣ ወደ ግራ አገላበጡት።

"ቀዳዳውስ የታለ?"

"እሱማ በጣትዎ ልክ ነው የሚበሳው። ቶርኖ ቤት ይውሰዱት፤ እኔ መሸጥ እንጂ መብሳት አልችልበትም።"

"ኧረ በሕግ አምላክ! ኳሱ ጣት አያስገባ!" አሉ እትዬ አመለወርቅ። ኳሱን በዘንቢል አንጠልጥለው ወጡ።

ቶርኖ ቤቱ የጎይቶም ነው፤ ብረት ሲቆርጥና ሲበሳ የሚውል ሰው ነው። ጣታቸውን በክር ለካላቸው። ከዚያ የመብሻውን ስለት፣ ፑንታውን፣ አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና ራሱን ነቀነቀ። "ደንዝዟል እትዬ። በዚህ ብበሳው ኳስዎ ይሰነጠቅብኛል። ሙዘይን ጋ ይዘውት ይሂዱና ይሳልልኝ።"

"አይ የኔ ነገር! ፑንታው ኳሱን አይበሳ፣ ኳሱ ጣት አያስገባ!"

ፑንታውን ተቀብለው ኳሱ ላይ ጨመሩና ቢላዋና መቀስ ከሚስለው ከሙዘይን ዘንድ ደረሱ። ሙዘይን እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ ያነባል።

"ሥራ የለም እንዴ ሙዘይን?"

"ሥራማ ሞልቷል፤ የማይዞረው ድንጋዩ ነው።"

የመሳያው ድንጋይ ሞተሩ አጠገብ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ለሁለት ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"እንግዲህ ስማኝ" አሉት እትዬ አመለወርቅ። "ቺንጋው ድንጋዩን አያዞር፣ ድንጋዩ ፑንታውን አይስል፣ ፑንታው ኳሱን አይበሳ፣ ኳሱ ጣት አያስገባ! እኔስ ምን ልሁን?"

"አዲስ ቺንጋ ጋሽ ተድባበ ሱቅ አለ። እኔ ሥራ ቦታዬን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ እርስዎ ካመጡልኝ ግን ፑንታውን በነፃ እስልልዎታለሁ።"

እንግዲህ ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከአናት ሌላ የሚበሳው ጠፋ እንጂ! ዘንቢሉን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየቀያየሩ ጋሽ ተድባበ ሱቅ ቢደርሱ፣ ሱቁ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ጓጉንቸሩም ጡጫ ያህላል። እትዬ አመለወርቅ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ።

"ሱቁ ቺንጋውን አይሰጥ፣ ቺንጋው ድንጋዩን አያዞር፣ ድንጋዩ ፑንታውን አይስል፣ ፑንታው ኳሱን አይበሳ፣ ኳሱ ጣት አያስገባ! ምነው አምላኬ፣ ምን በደልኩህ?"

አጠገባቸው ጫማ የሚጠግን ሰው ነበር። መርፌውን ከጥርሱ አወጣና፣ "ጋሽ ተድባበን ነው? ዕድሩ ቤት ሽምግልና ተቀምጠዋል። ቁልፉ ኪሳቸው ነው" አላቸው።

"መቼ ይጨርሳሉ?"

"እንጃ። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የተጣሉት ሁለት ሴቶች ናቸው አሉ። አንዷ በየቀኑ ትመጣለች፤ ሌላዋ አሻፈረኝ ብላለች። እሷ ካልመጣች እርቅ የለም፤ እርቅ ከሌለ ጋሽ ተድባበም አይነሡም። እሳቸው እንደሆኑ እልኸኛ ናቸው።"

እትዬ አመለወርቅ አፋቸውን ከፈቱ። "እርቁ ሽማግሌውን አይለቅ፣ ሽማግሌው ሱቁን አይከፍቱ፣ ሱቁ ቺንጋውን አይሰጥ፣ ቺንጋው..." ብለው ቆም አሉ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

እዚህ ላይ ልናዘዝላችሁ። እኔ ደብቄያችሁ አይደለም፤ እሳቸው ከራሳቸውም ደብቀውት ነበር እንጂ። ያን ቅዳሜ ሲወድቁ ከሁሉም አብልጠው የሳቁት የአርባ ዓመት ጓደኛቸው እትዬ ውባለም ናቸው፤ እንባቸው እስኪፈስ ነው የሳቁት። እትዬ አመለወርቅ ተነሥተው በሰው ሁሉ ፊት፣ "እንኳን ልጅ አልወለድሽ! ልጅሽ ቢወድቅም ትስቂ ነበር" አሏቸው። እትዬ ውባለም መሃን ናቸው። በየጠበሉ፣ በየሐኪሙ ሲንከራተቱ እጃቸውን ይዘው አብረው የዞሩት ደግሞ እኚሁ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። እትዬ ውባለም ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ሰው ሲልኩ፣ እትዬ አመለወርቅ ከውስጥ ሆነው "የለሁም!" ብለው መለሱ። ማን እንደላከም አልጠየቁም። ተቆጥተው አይደለም፤ አፍረው ነው። ፊቷን በምን ዓይኔ አያለሁ ብለው ነው።

ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አነሡና፣ "አሻፈረኝ ያለችውን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ይዣት መጣሁ" ብለው ጫማ ሰፊውን ግራ አጋብተውት ሄዱ።

ዕድሩ ቤት ሦስት ሽማግሎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ጋሽ ተድባበ ናቸው። እትዬ ውባለም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከፊታቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። እትዬ አመለወርቅ ወንበሩን አልፈው ሄዱ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርብ ያውቃሉ፤ ግቢውን ቃኘት አደረጉት፣ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም ሲሚንቶ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ሰማያዊውን ኳስ ከዘንቢሉ አወጡና ማጅራታቸው ላይ ጫኑት፤ በሁለት እጃቸው ደግፈው እትዬ ውባለም እግር ሥር ተንበረከኩ።

"ውቤ፣ ያልኩሽን መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር። አፌ ነው የበደለሽ። አንቺ ስትስቂ ቆስዬ፣ አንቺን የማትድኝበት ቦታ ላይ ወጋሁሽ። ማሪኝ።"

እትዬ ውባለም ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንሥተው ጎናቸው አስቀመጡት። "ሌሊት ሌሊት ድምፅሽ ይመጣብኛል" አሉ። "ሌላ ሰው ቢለኝ እረሳው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ምንድነው የተሸከምሽው?"

"ኳስ ነው። ቀዳዳ የለውም።"

"አንገትሽ ሊሰበር ነው እኮ፣ አንቺ ሞኝ!" እትዬ ውባለም ጎንበስ ብለው ኳሱን በሁለት እጃቸው አነሡላቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉና አለቀሱ። እትዬ አመለወርቅም አለቀሱ። ጋሽ ተድባበም ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

በሉ አሁን ያዙኝ! እርቁ ሽማግሌውን ለቀቀ፣ ሽማግሌው ሱቁን ከፈቱ፣ ሱቁ ቺንጋውን ሰጠ፣ ቺንጋው ድንጋዩን አዞረ፣ ድንጋዩ ፑንታውን ሳለ፣ ፑንታው ኳሱን በሳ፣ ኳሱም የእትዬ አመለወርቅን ወፍራም አውራ ጣት ሰተት አድርጎ አስገባ፣ ሰተት አድርጎም አስወጣ። ጎይቶም ራሱ ሦስት ጊዜ አስገብተው እንዲያወጡት አድርጎ፣ "አሁን ያምራል" አለ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ቦውሊንግ ቤቱ ሞላ። እትዬ አመለወርቅ ሰማያዊውን ኳስ ይዘው መስመሩ ጋ ቀረቡ። ወደኋላ ዞር ብለው አዩ፤ እትዬ ውባለም ከወንበራቸው ተነሥተዋል፣ የሁለቱንም ቦርሳ አቅፈዋል። እትዬ አመለወርቅ ክንዳቸውን አወዛወዙና ለቀቁት።

ኳሱ ሄደ፤ እትዬ አመለወርቅ ቀሩ።

ስንት ፒን እንደወደቀ አትጠይቁኝ፤ የቆጠረ ሰው አልነበረም። እትዬ ውባለም "ቆመሻል! አመሌ፣ ቆመሻል እኮ!" እያሉ ሁለቱን ቦርሳ ጥለው ሲሮጡ ሁሉም እሳቸውን ነበር የሚያየው።

እኔም ያለኝን አወራሁላችሁ፤ አፌ ደርቋልና ውሃ የሚያቀብለኝ ማነው?