ጅብ ያላበደራቸው ሁለት ጎማዎች

አንድ ጊዜ ነገሩ ሁሉ የስምንት መቶ ብር ጉዳይ ነበር። ስምንት መቶ ለሁለት ሲካፈል አራት መቶ ነው፤ በአራት መቶ ብር ደግሞ ጅብ ቁርሱን እንኳ አይጨርስም። በዚህች ገንዘብ የተነሳ ግን አንድ ሙሉ መኪና ቦይ ገባ። ማን ከሰረ፣ ማን አተረፈ የሚለውን መጨረሻ ላይ እንቆጥረዋለን።

አህዪት ከወንዙ ድልድይ እስከ ኮረብታው ገበያ እህል እየተሸከመች ያረጀች ነበረች። በጀርባዋ ላይ አንዱ ገጣባ ሳይድን ሌላው ይወጣ ነበር። ከጭነት ኪራይዋ ለራሷ ጥቂት ጥቂት እያስቀረች ስታጠራቅም ዓመታት አለፉ። ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር፦ ከእንግዲህ ጆንያ ጀርባዋን እንዳይነካው።

የአገሩ ደላላ ቀበሮ ይህን ሲሰማ እየሳቀ መጣ።

«እትዬ አህዪት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢ! ቤንዚን አይጠጣ፣ ዘይት አይቀየርለት። ማታ ትሰኪዋለሽ፣ ጠዋት ትነጂዋለሽ። የማይበላ፣ የማይጠጣ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?»

«ሳይበላ እንዴት ይሠራል?» አለች አህዪት። «እኔ እንኳ ገለባ እበላለሁ።»

«አንቺ አህያ ነሻ! እሱ እኮ የዘመን ሥራ ነው።»

የአህዪት ገንዘብ ለግማሽ መኪና ብቻ በቃ። ለቀረው ግማሽ ቀበሮ ሸሪክ አመጣላት፤ አያ ጅቦን። ጅብ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው የጠየቀ የለም፤ ጅብን የሚጠይቅ ጥርሱን አይቶ የማያውቅ ነው።

«መኪናም እንደ ሥጋ ነው» አለ ጅብ ገና ሲገናኙ። «ካልቆረጡት አይካፈሉትም። ፊትና ኋላ ተብሎ ይለይልን።»

«መልካም» አለ ቀበሮ፣ ነገሩን ራሱ እንዳላሰበው ሁሉ። «ፊቱን የያዘ የፊቱን ወንበር ገቢ ይውሰድ፣ በፊት በኩል የተበላሸውንም ያሠራ። ኋላውን የያዘ የኋላውን ይውሰድ፣ የኋላውን ያሠራ። የቻርጁ ሂሳብ ከየወንበሩ እኩል ይነሳ። በሉ ምረጡ።»

ፊት አንድ የተሳፋሪ ወንበር አለ፤ ኋላ ሦስት። ይህን ለመቁጠር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የአህዪት ዐይን ግን ከመሪው ላይ አልተነሳም። ዕድሜዋን ሙሉ ዱላ የያዘ ከኋላዋ ሆኖ ሲነዳት ኖሯል። አሁን ግን ይኸው፣ የሚጨበጥ መሪ።

«መሪው ለማን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

«ለባለ ፊቱ ነዋ! እስከ ዛሬ ነዱሽ፤ ከዛሬ ወዲያ አንቺ ንጂ።»

«እንግዲያስ ፊቱ የኔ» አለች፣ ሁለቱ ጆሮዎቿ በደስታ ቀጥ ብለው።

ጅብ እንዳይስቅ ምላሱን ነከሰ። በውሉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ፤ ተሳፋሪዎቹ ፍየል፣ በግና ጥንቸል ስለሚሆኑ አያ ጅቦ ከነሱ ጋር እንዳይሳፈር።

«ምን ገዶኝ» አለ ጅብ። «ገንዘቤን ማታ ማታ እቤቴ ታመጪልኛለሽ።» ቁልፍ ግን ለሁለቱም አንዳንድ ተሰጣቸው።

ሥራው አማረ። መኪናው ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ፍየሎቹ ለመሳፈር ይጋፉ ነበር። የአህዪት ገጣባ ድኖ ጠጉር አበቀለ፤ እሷም በየጠዋቱ አንገቷን አዙራ ጀርባዋን እያየች ፈገግ ትል ጀመር።

የበጋው እኩሌታ ላይ ፍየሏ ከመኪናው ወርዳ ጎንበስ አለችና «አህዪት፣ የፊት ጎማዎችሽ እኮ ጥርሳቸው እያለቀ ነው» አለቻት።

ቀበሮ መኪናውን ካሻሻጠ በኋላ በኮረብታው ግርጌ ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ነበር። ለምን እዚያ፣ ለምንስ ያን ጊዜ ብሎ የጠየቀው የለም። አህዪት መኪናዋን ይዛ ሄደች።

«አይበላም ብለኸኝ ነበር!»

«ቤንዚን አልኩሽ እንጂ ጎማ መቼ አልኩሽ?» አለ ቀበሮ፣ ጎማውን እየዳሰሰ። «ባትሪው ከባድ ነው። ሲነሳ ደግሞ እንደ ነብር ተወርውሮ ነው። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ የሚጎትተው የፊቱ ጎማ ነው። የሚታጠፈውም እሱ፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደት የሚወድቅበትም እሱ ነው። የኋላው ዝም ብሎ ይከተላል።»

አህዪት ዞራ የጅብን ጎማዎች አየች። ዛሬ ከመደብር የወጡ ይመስላሉ።

«ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «የፊቱ ጎማ አህያ ነው፣ የኋላው ጅብ ነው።»

ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት ያየችው ያን ጊዜ ነው። «ይሄ የጎማ ማቀያየር፣ ስምንት መቶ ብር የሚለው ምንድን ነው?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱማ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ ማሰር ነው። እንዲያ ሲሆን አራቱም እኩል እያለቁ ዕድሜያቸው ይረዝማል። የእናንተ መኪና ግን ባለቤቱ ሁለት ነው። ያለ አያ ጅቦ ፈቃድ አንዲት ቡሎን አልፈታም። ቆይ፣ እኔው ሄጄ ልጥራልሽ።»

ሄዶ ጠራው። ሲመጡ ቀበሮ አፉን ከጅብ ጆሮ ሥር አድርጎ አንድ ነገር ይነግረው ነበር፤ ጅብም ገና ከሩቅ ጥርሱን አግጦ ነበር።

«ሌባ!» አለ እንደደረሰ። «ደህና ጎማዬን ወስደሽ ያለቀውን ልታስታቅፊኝ?»

«አያ ጅቦ፣ ጎማህን እቤቴ አልወስደው። ከዚያው መኪና ሥር ነው የሚሆነው።»

«ከኔ ግማሽ ሥር ወጥቶ ካንቺ ግማሽ ሥር ሲገባ ስርቆት ካልተባለ፣ ስርቆት ምንድን ነው?»

«የኔዎቹ ካለቁ መኪናው ይቆማል። መኪናው ከቆመ ሦስቱ ወንበርህ ማንን ያሳፍራል?»

ጅብ ለማሰብ ሞከረ። ማሰብ ስለደከመው ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮም «ውል ውል ነው» አለ።

«ውል ውል ነው!» አለ ጅብ። «አራት መቶ ብር ደግሞ አንድ ደህና አጥንት ይገዛል።»

በጋው ሲያልቅ የፊት ጎማዎቹ መላጣ ሆኑ። አህዪት ከአንድ ወንበሯ ያስቀመጠችው ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ነበር። ለጅብ ያስረከበችው ዘጠና ሦስት ሺህ ነው፤ እሱም ዘጠና ሦስቱን ሺህ ከነአጥንቱ በልቶ ጨርሷል። የአንድ ጎማ ዋጋ አሥራ አራት ሺህ፣ የሁለት ሃያ ስምንት ሺህ። ከፈለች። በጋውን ሙሉ መሪ ጨብጣ የተረፋት ሦስት ሺህ ብር ሆነ። አህያ ስትናደድ ታናፋለች ይባላል፤ ከልቧ የተናደደች አህያ ግን ዝም ትላለች።

ሁለተኛውም በጋ እንደ ፊተኛው ነበር። እኩሌታው ላይ አህዪት ወደ ጅብ ደጅ ሄደች። ጅብ ጭን ይዞ እየቆረጠመ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ጎማ ይቀያየር። ስምንት መቶውን ሙሉውን እኔ እከፍላለሁ። አንተ እሺ ብቻ በል።»

ጅብ ማኘኩን አቆመ። «ሙሉውን አንቺ?»

«ሙሉውን እኔ።»

«እንግዲያማ ተንኮል አለበት» አለና ወደ አጥንቱ ተመለሰ።

የመጀመሪያው የክረምት ደመና ሲታይ የፊት ጎማዎቹ እንደገና መላጣ ሆነው ነበር። አህዪት የዚህን በጋ ሠላሳ አንድ ሺህ ከቀረችው ሦስት ሺህ ጋር ደመረች፤ ሠላሳ አራት ሺህ። ከዚያ ላይ ሃያ ስምንት ሺህ ለቀበሮ ልትቆጥር እጇን ሰደደችና ተወችው። ጅብ ደጅ ስትደርስ ቁጣዋ ገና ከበሩ ቀደማት።

«ስማኝ አንተ! የምጎትተው እኔ፣ የማጥፈው እኔ፣ አቧራውን የምውጠው እኔ! ሦስት ወንበር የምትበላው አንተ! ይህን የቻልኩት ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው፤ መሪ አይቼ ወንበር ሳልቆጥር መረጥኩ። ግን በራሴ ገንዘብ የጋራችንን መኪና ላድን ስልህ ተንኮል ነው አልከኝ። እንግዲያው የኔ ግማሽ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። አንተ ያንተን ግማሽ ውሰድና ንዳው!»

መኪናውን ከድልድዩ አጠገብ አቁማ ሄደች። ጅብም በመጀመሪያ ሳቀ። ገንዘብ የሚያመጣለት ሲጠፋ ግን ሳቁ ወደ ሆድ ጩኸት ተለወጠ።

አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ሳለ፣ ከገበያው ማዶ አንድ የሰባ በሬ ገደል ገብቶ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ጅብ በሬውን ሌሎች ጅቦች ሳይደርሱ በሙሉ ጭኖ ሊያመጣው ፈለገ። ቁልፉን ይዞ ሮጠ፣ የፊቱን በር ከፈተ፤ ከፍቶም ቆመ።

«ፊት ከተቀመጥኩ የፊቱን ጎማ ክፈል ትለኛለች» አለ ለራሱ። «እኔን ታገኘኛለች!»

በሩን ዘግቶ ከኋላ ገባ። ፈጣሪ ጅብን ሲሠራ ፊቱን አስረዝሞ ኋላውን አሳጥሯል፤ እሱም ረጃጅም የፊት እግሮቹን በወንበሩ ላይ አሳልፎ መሪውን ያዘ። አንድ በትር በጥርሱ ነክሶ ፔዳሉን ሊረግጥበት ወደ ታች ሰደደው። እንዲህ ሲያጎነብስ መንገዱ ጨርሶ አይታየውም፤ እሱ ግን መንገዱ የማን ግማሽ እንደሆነ ስላልተነገረው አልተጨነቀም።

አህዪትና ፍየሏ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ዝናብ ተጠልለው ነበር።

«አህዪት! መኪናሽ ያለ ሹፌር እየሄደ ነው!»

«ሹፌርስ አለው» አለች አህዪት አተኩራ አይታ። «ከኋላ ነው።»

በትሩ ፔዳሉን ሲነካው መኪናው ያለ ድምፅ ተወረወረ። ከድልድዩ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ መላጣዎቹ ጎማዎች እርጥቡን አስፋልት እንደ ሳሙና ረገጡት። መኪናው ዞረ፣ ዞረና በኋላው በኩል ቦይ ገባ። ሦስቱ ወንበሮች ተጣጠፉ። ደህናዎቹ የኋላ ጎማዎች ከነሙሉ ጥርሳቸው በቦዩ ድንጋይ ላይ ተተረተሩ። የፊቱ ግማሽ አንድ ጭረት ሳይነካው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መላጣዎቹ ጎማዎች ብቻ ወደ ሰማይ ይሽከረከሩ ነበር።

ጅብ አንድ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወጣ። «ጎማዎቼ! ወይኔ ጎማዎቼ!»

«አይዞህ፣ የሰረቀህ የለም» አለች አህዪት። «እንዳስቀመጥካቸው አሉልህ።»

ቀበሮ ክሪኩን በትከሻው ተሸክሞ ከየት መጣ ሳይባል ደረሰ። «አራት አዲስ ጎማ ሃምሳ ስድስት ሺህ። የተጨፈለቀውን ማቅናት ሃያ ሺህ። አያ ጅቦ፣ የኋላው ያንተ ነው፤ ድርሻህን ቁጠር።»

ጅብ በሁለት በጋ መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር በልቶ አንድ ብር አላስቀረም ነበር። ወደ ገበያው ማዶ እያየ ምራቁን ዋጠ።

«ግማሽህን በሃያ ሺህ እገዛለሁ» አለች አህዪት። «ፍየሏ ትመስክር።»

«በሃያ? ይህን የመሰለ ግማሽ?»

«እሺ ተወው። በሬው ግን እየተበላ ነው።»

ጅብ ገንዘቡን ነጥቆ እያነከሰ ሮጠ። ሲደርስ ሌሎቹ ጅቦች በሬውን ጨርሰው ቀንዱን ይልሱ ነበር። እስከ ዛሬም ጅብ ሲሄድ የሚያነክሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

መኪናው በሙሉ የአህዪት ሆነ፤ የሚንቀሳቀስ ግን አልነበረም። በእጇ የቀረው አሥራ አራት ሺህ ነው፤ የሚያስፈልገው ሰባ ስድስት ሺህ። የጎደለውን ስድሳ ሁለት ሺህ የምታገኝበትን አንድ መንገድ ብቻ ታውቃለች። ጆንያውን አነሳች። ክረምቱንም፣ ተከታዩንም በጋ ከድልድዩ እስከ ገበያው ተሸከመች። ጠጉር ያበቀለው ጀርባዋ እንደገና ተላጠ።

መኪናው ከቦይ ወጥቶ በአራት አዲስ ጎማ በቀጣዩ በጋ ሥራ ጀመረ፤ በበጋው እኩሌታም አህዪት ራሷ ጎሚስታ ቤት ደረሰች።

«እትዬ አህዪት!» አለ ቀበሮ እጁን እያፋተገ። «የፊቱን ሁለት በአዲስ ልቀይርልሽ?»

«የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት። ስምንት መቶህን ያዝ። ቡሎኑንም እያየሁህ እሰር።»

እንግዲህ ቃል የገባነውን ሂሳብ እንዝጋ። ጅብ አራት መቶ ብር ሊያድን ብሎ ግማሽ መኪና፣ ሦስት ወንበርና አንድ ደህና እግር አጣ፤ ያገኘውን ሃያ ሺህም በላው። ቀበሮ ስድስት ጎማ ሸጦ ሰማንያ አራት ሺህ፣ ለማቅናቱም ሃያ ሺህ ሰበሰበ፤ ዛሬ ግን ከአህዪት እጅ ከስምንት መቶ በላይ አይወጣለትም። አህዪት ለመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ሃያ ስምንት፣ ለጅብ ሃያ፣ ለጥገናው ሰባ ስድስት፣ በጠቅላላው መቶ ሃያ አራት ሺህ ብር አወጣች፤ አራቱ ወንበሮቿ ይህንን በአንድ በጋ መለሱላት። የጀርባዋን ገጣባ ግን የሚመልስላት ወንበር አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው፣ በጋራ ንብረት ላይ የራሱን ግማሽ ብቻ የሚጠብቅ ሸሪክ ሁለቱንም ግማሽ እንደሚያጠፋ፣ ጥቅሙን ሳይቆጥር ውል የሚገባም የሌላውን ሆዳምነት ዋጋ በገዛ ጀርባው እንደሚከፍል ነው።