ዝምታው የተባለው ቡችላ

አንድ ጊዜ መከታ የምትባል ውሻ በስተርጅናዋ አንድ ቡችላ ወለደች። መከታ ያሏት በወጣትነቷ በበጎቹ ፊት ቆማ ሦስት ጅብ ስለመለሰች ነበር። አሁን ግን ጥርሷ አልቋል፤ ጆሮዋም ደክሟል። ከእንግዲህ ግቢውን የሚጠብቀው ልጇ ነው። ልጇ ደግሞ ገና ስም የለውም። በእነሱ አገር ወግ ስም ያልወጣለት ውሻ በር ላይ አይቆምም። ስም ያወጣለትም ዘመዱ ይሆናል፤ በዘመድ ላይ ደግሞ አይጮኽም።

ይህን ወግ የምታውቅ ቀበሮ አያ ጅቦን አስከትላ በስም ማውጫው ቀን ከች አለች። መከታም «እንግዳ ከደጅ አይመለስም» ብላ አስገባቻቸው። አህያ ውርንጭላዋን ወደ ጎኗ ሳብ አደረገች። ዶሮም ጫጩቶቿን በክንፏ ሰብስባ፣ እንደገና ቆጠረቻቸው።

«በሉ፣ ስም ያለው ይናገር» አለች መከታ የልጇን ጆሮ እየላሰች። «ግን ምንጩንና ትርጉሙንም አብሮ ይንገረን።»

አያ ጅቦ ተሽቀዳደመ። «ቅልጥም በሉት!»

«ትርጉሙስ?»

«ቅልጥም ነዋ!»

«እሺ፣ ምንጩስ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «እግር» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አህያም ሳቋን ጨርሳ «እኔ ብሆን ደወል እለው ነበር» አለች። «ደወል ሲጮኽ የተኛ ሁሉ ይነቃል።»

መከታ እሺ ልትል ስትል ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ መከታ፣ ይኼን የመሰለ ልጅ ደወል? ዓይኑን አላያችሁትም? የጨዋ ዓይን እኮ ነው! ዝምታው በሉት። ምንጩ የአባቶች ቃል ነው፤ ዝምታ ወርቅ ነው ብለው የለ? ትርጉሙም አስተዋይ፣ አፉን የሚጠብቅ ማለት ነው።»

እናት ልጇን ሲያሞግሱላት ልቧ ቅቤ ይሆናል። መከታ የምታየው የልጇን ዓይን ነበር እንጂ የቀበሮን አልነበረም። «ዝምታው!» አለች በደስታ። ሁሉም «ከነስምህ እደግ!» ብለው መረቁት። አህያ ብቻ «አይ እንግዲህ!» ብላ ጆሮዋን ጣለች።

ቀበሮ ስትወጣ ለአያ ጅቦ አንሾካሾከችለት። «ነገ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጫጩቶቹ ለእኔ፣ ውርንጭላው ለአንተ። አጥሩ ሥር ጠብቅ። ድምፄን ስትሰማ ግባ።»

«ቅልጥሙስ?»

«እሱም ከውርንጭላው ጋር ነው፣ አንተ ሆዳም!»

በማግስቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ መከታ ደጃፉ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ነበር። ቀበሮ በአጥሩ ሽንቁር ሹልክ ብላ ገባች። ዝምታው ብድግ ብሎ ሊጮኽ አፉን ከፈተ።

«እእ! ስምህ ማን ነበር?» አለችው ቀበሮ።

ዝምታው አፉን ዘጋ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! እኔ ዘመድህ ነኝ። ስምህን እንዳታሰድብ!»

ቡችላው ጨነቀው። ቢጮኽ ስሙን መካዱ ነው። ባይጮኽ ጫጩቶቹ ማለቃቸው ነው። ቀበሮ እየተጎማለለች ወደ ዶሮዋ ስታልፍ ረጅሙ ጭራዋ አፍንጫውን ዳሰሰው። ዝምታው ጭራዋን አየ። ትንሽ አሰበ። ከዚያም ድምፅ ሳያሰማ ግጥም አድርጎ ነከሰው።

«ወይኔ! ልቀቀኝ!»

ዝምታው ዝም።

«ዘመድህ አይደለሁም እንዴ? መልስልኝ እንጂ!»

ዝም።

«ኧረ በፈጠረህ ጩኽ! አንዴ ብቻ ጩኽ!» አለች ቀበሮ፤ ከጮኸ አፉ እንደሚከፈት ገብቷታልና። ቡችላው ግን ጥርሱን ከጥርሱ ገጠመ።

አጥር ሥር የነበረው አያ ጅቦ ድምፅዋን ሲሰማ «እራት ቀረበ!» ብሎ ዘሎ ገባ። ያረፈው ከአህያ በስተኋላ ነው። አህያም ሁለት እግሯን አንሥታ መንጋጋው ላይ አሳረፈችለት።

«እንካ ቅልጥም! ምንጩ እግር ነው ብለህ የለ?»

አያ ጅቦ መንጋጋውን ይዞ፣ ጓደኛውንም ሳያይ፣ በመጣበት አጥር ተመልሶ ወጣ። ቀበሮ ብቻዋን ቀረች። «ስሙን ሽሬዋለሁ!» እያለች ታለቅሳለች። «ደወል በሉት! ነጋሪት በሉት! የፈለጋችሁትን በሉት!»

በጫጫታው የነቃችው መከታ እየሳቀች መጣች። «በል ልቀቃት ልጄ፤ ለዛሬ ይበቃታል።»

ቡችላው አፉን ሲከፍት ቀበሮ ግማሽ ጭራዋን ያህል ፀጉር ትታለት ተፈተለከች። እሱም ፀጉሩን እየተፋ «እማዬ፣ ስሜን አሰደብኩት?» አለ።

መከታ ወደ አህያ ዞረች። «እኔስ ተታለልኩ። ያንቺን ስም እናውጣለት ይሆን?»

«ተይው እትዬ መከታ» አለች አህያ። «ከእንግዲህ ቀበሮ ዝምታው ሲባል በሰማች ቁጥር ጭራዋን ታቅፋ ትሮጣለች።»

ጫጩቶቹም ከእናታቸው ክንፍ ሥር ወጥተው «ዝምታው! ዝምታው!» እያሉ ዙሪያውን ሲዘሉ አመሹ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስማችንን ሌላ ቢያወጣልንም ትርጉሙን በሥራችን የምናወጣለት እኛው ራሳችን መሆናችንን ነው።