ከግብሩ ያልተነሣችው እቴጌ

በአንድ ወቅት፣ መፍረድ ለሚወድ ሁሉ የምነግረው ነው፣ በአንድ ተራራማ አገር ማስተዋል የምትባል እቴጌ ነበረች። ባሏ ንጉሡ አንድ ማለዳ በድንገት ሞተባት። በዚያ አገር ሥርዓት ወራሹ ቤተ መንግሥት ሳይገባ የንጉሥ ሞት አይነገርም፤ ከተነገረ መኳንንቱ ጎራ ለይተው ይተላለቃሉ። ወራሹ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ስለዚህ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ ጌጧን አጥልቃ ለግብር ተሰናዳች። ንጉሥ የሚበላው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ የዚያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልነበረም። እሷ ከማዕዱ ከተነሣች ግን ሁሉም ይነሣል፣ ነገሩም ይታወቃል።

ግብሩ ሊጀመር ሲል ከእናቷ ከወይዘሮ ብርቄ ቤት መልእክተኛ መጣ። ታመው ነበርና «ልጄን አንዴ ልያት» ብለው ላኩ። እልፍኝ አስከልካዩ አጋፋሪ ይርጋ ፊቷ እንዳይለወጥ ፈርቶ መልእክቱን ያዘው። ሥጋው ዞሮ ጠጅ ሲቀዳ ነው ጎንበስ ብሎ «እቴጌ፣ እናትዎ ደክመዋል፤ ይፈልጉዎታል» ያላት።

ሰማች። የእናቷ ቤት ከኮረብታው ሥር ነው፣ በመስኮቱ ይታያል። መኳንንቱ ዓይናቸውን ከፊቷ አልነቀሉም።

«ጠጅ ጨምሩላቸው» አለች፤ ፈገግም አለች። እኔ ብሆን ያችን ፈገግታ አልችላትም ነበር።

ታች ቤት ወንድሟ አጥናፍ ከእናቱ ራስጌ ተቀምጧል። ቄሱ ሊያቆርቧቸው ሲቀርቡ፣ ወይዘሮ ብርቄ «መጣች?» አሉ።

አጥናፍ አንጀቱ አልችል ብሎት «መጣች እማዬ፣ ቁልቁለቱን እየወረደች ነው» አላቸው።

«እንግዲያስ ልጠብቃት። ስቆርብ አጠገቤ ትሁን።»

በሩን እያዩ፣ ሳይቆርቡ ሞቱ።

ወራሹ በማግሥቱ ገባ። የአንድ ሰው ደም እንኳ ሳይፈስ ነገሠ፤ አገሬውም እቴጌይቱን መረቀ። እሷ ግን ምርቃቱ እንደ እሾህ ወጋት። ከዚያ ወዲህ ግብር ላይ ትቀመጣለች እንጂ እህል አልወርድላት አለ።

ሦስቱም ከነፍስ አባቷ ፊት ተንበረከኩ።

«ሰምቼ ያልተነሣሁት እኔ ነኝ አባ» አለች እቴጌይቱ።

«በጊዜው ብነግርዎ ኖሮ ደርሰው ይመለሱ ነበር» አለ አጋፋሪው።

አጥናፍ አለቀሰ። «አትመጣም ብላቸው ኖሮ ቆርበው ይሞቱ ነበር።»

ነፍስ አባቷ ንስሐውን ለማን እንደሚሰጡ እስከ ዛሬ አልቆረጡም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ወይዘሮ ብርቄ በሩን እያዩ የቀሩት በማን ጥፋት ነው?