የእትዬ አመለወርቅ አስፓራገስ

እኔ በዚያ ዘመን አልነበርኩም፤ የነበሩት የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ። ከጨመሩበትም እነሱ ይጠየቁ።

እትዬ አመለወርቅ የደጃዝማች ዘገየ ቤት አስቤዛ ገዢ ነበሩ። አንድ ሰሞን ደጃዝማች ፈረንጅ እንግዳ ጋበዙና፣ «ይህ ሰው አስፓራገስ የሚሉት አትክልት ካልቀረበለት እራት የበላ አይመስለውም። ሳህኑ ሳይነካ ከተመለሰ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ» አሏቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ሌላ መግቢያም የላቸው። እትዬ ደነገጡ። ምላሳቸው ግን አልደነገጠም።

ሙሴ ስታቭሮ ወደሚባለው ግሪክ የአትክልት ሱቅ ሄዱ። ቅጠል የለው፣ ፍሬ የለው፣ የታሰረ አረንጓዴ ዘንግ አወጣላቸው። «ይህን የሚበላው ድሀ ነው ሀብታም?» ብለው ጠየቁ። «ሀብታም ነው እንጂ!» አላቸው በኩራት።

«ውይ በሞትኩት! ምን ቸግሮት?»

እስሩን ጠጋ ብለው ቢያዩት ጠውልጓል። ሙሴ ስታቭሮ ቶሎ ብሎ ውሃ ረጨበትና፣ «ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው፤ ሲያብረቀርቅ አይታይዎትም?» አለ።

«እኔም ዛሬ ጠዋት ፊቴን ታጥቤያለሁ፤ ኮረዳ መስዬው ሽማግሌ የላከብኝ ግን የለም።»

ትኩሱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል ሲባል ሰምተዋል። አንዱን ዘንግ ይዘው ቢያጎብጡት ጫፍና ጫፉ ገጠመ እንጂ አልተሰበረም። «ታዲያ ምን ጎደለው?» ብሎ ሙሴ ተቆጣ።

«ለእራት ነው እንጂ የማይሆነው ለሹመትማ አንደኛ ነው፤ ይኸው መሬት ድረስ ጎንበስ ሲል ወገቤን አላለም።»

በማግስቱ አዲስ ጭነት ገባ። እትዬ ከየእስሩ አንዳንድ ዘንግ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ሲመርጡ ሙሴ ስታቭሮ ይዟቸው ዳኛ ፊት ቆመ። ዳኛው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው በእጃቸው ሳይመዝኑ፣ ላባዋን ገልጠው እፍ ሳይሉ ዶሮ የማይገዙ ሰው ናቸው። «ያልገዛሽውን ዕቃ ምን አስነካሽ?» ብለው አፈጠጡባቸው።

«ጌታዬ፣ እፍ ብለው ትተዋት የሄዱት ዶሮ መጥታ የከሰሰችዎት ዕለት በእኔም ይፍረዱብኝ።»

ችሎቱ ሳቀ፤ እትዬም ትኩሱን እስር ይዘው ቤት ገቡ። ግን የቤቱ አዛዥ ጓንጉል የሚባል አለ፤ ስስታም ነው ማለት እሱን ማመስገን ነው። «ለሣር ይህ ሁሉ ዋጋ?» ብሎ፣ እትዬ ሳያዩ ትኩሱን መለሰና የጠወለገውን በርካሽ አመጣ።

እንግዳው በሹካ ነካ ነካ አድርጎ ሳህኑን ገፋው። ደጃዝማች በኀፍረት ቀሉ። «ማን ነው ይህን የመረጠው?» ሲሉ አዛዡ ፈጠን ብሎ፣ «እሷ ናት ጌታዬ፤ ዐይኗ ደክሟል» አለ። እትዬ ሳህኑን ቢያዩት የጠወለገው ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነ ገባቸው።

«መምረጥ የማታውቂ ሴትዮ ቤቴ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ! ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ቤት የሚበጀውን የምመርጠው እኔ ራሴ ነኝ!» አሉ ደጃዝማች።

እትዬ እጅ ነሡ።

«ተዉ ጌታዬ፤ አዛዥ ጓንጉልንም የመረጡት እርስዎ ነበሩ።»