በመጋቢት የሚጥል ሕመም

አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ መቅደላዊት ትባላለች። ምርምር መሥራት ትመኛለች፤ ግን የተማረችበት የወረዳ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ጓደኞቿ ስለ ማይክሮስኮፕና ስለ ናሙና ሲያወሩ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍራ የነርቭ ሕክምና መምህሯን ፕሮፌሰር ይልማን ቢሯቸው ገብታ አነጋገረቻቸው።

"ቤተ ሙከራ ገብተሽ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

"አንድም ቀን፣ ፕሮፌሰር።"

"ግድ የለም። እኔ የማልመልሰው አንድ ጥያቄ ይዘሽልኝ ነይ።"

ከመጽሐፍ ፈልጋ ጥያቄ ወሰደች፤ ወዲያው መለሱላት። ሌላ ይዛ ተመለሰች፤ እሱንም መለሱት። ልትተወው ስትል፣ የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ውስጥ ወይዘሮ አገሬ የተባሉ ሕመምተኛ አገኘች። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንደሚወስዱ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል፤ ሆኖም ሕመሙ ምድጃ ላይ ጥሏቸው እጃቸው ተቃጥሏል። ካርዱን ወደ ኋላ ብታገላብጥ አምናም ካቻምናም የጣላቸው በዚሁ ወር ነው።

"ፕሮፌሰር፣ ለምን ሁልጊዜ በመጋቢት?"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "አላውቅም" አሉ። "በይ እንግዲህ፣ ጀምሪ።"

ለጥናቱ ፈቃድ ተጽፎ እስኪሰጣት ነሐሴ ገባ። በአንድ ሳምንት ስልሳ ሕመምተኞችን "መድኃኒትዎን በአግባቡ ይወስዳሉ?" እያለች ጠየቀች። ስልሳውም "አዎ" አሏት። ድካሟ ሁሉ ውኃ በላው። ወረቀቷን አቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ስታዝን ለክትትል የመጡት ወይዘሮ አገሬ አዩዋት።

"ልጄ፣ እንዲህ ብለሽ ስትጠይቂን ማን አይ ይልሻል? እናፍራለን እኮ። ይልቅ ትናንት እንዴት እንደዋልኩ ጠይቂኝ።"

"እሺ እማማ፣ ትናንት እንዴት ዋሉ?"

"ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ፤ ፍልሰታ አይደል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስኩም። ኪኒኑን ከቁርስ በኋላ ውሰጂ ብለውኛል። በጾም ምን ቁርስ አለ?"

መቅደላዊት ስልሳዎቹን እንደገና ስለ ውሏቸው ጠየቀቻቸው። ሃያ ሦስቱ በጾም ወራት፣ መጋቢት ላይ በሚውለው ዐቢይ ጾምም ጭምር፣ የጠዋቱን ኪኒን ይዘላሉ። ውጤቱን ስታቀርብ ፕሮፌሰር ይልማ የወይዘሮ አገሬን ካርድ አስመጥተው አገላበጡ።

"ከቁርስ በኋላ እያልኩ ሃያ ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል የመድኃኒቱ ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር በመመካከር ይወሰን ጀመር። የወይዘሮ አገሬ ጣቶች እንደ ቀድሞው አልተዘረጉም፤ የሚቀጥለውን ዐቢይ ጾም ግን አንድም ቀን ሳይጥላቸው ፈቱ።

ወዳጆቼ፣ የዕውቀት በር የሚከፈተው "አላውቅም" ለሚል ሰው ነው፤ ይህን ለማለት ደግሞ ተማሪውም ፕሮፌሰሩም እኩል ናቸው። ዕቃና ልምድ በሥራ መሐል ይገኛል። አጠያየቅን ግን የሚያስተምረን ብዙ ጊዜ ያ የምንጠይቀው ሰው ራሱ ነው። እስቲ እናስብ፦ "አዎ" ከማለት በቀር ሌላ መልስ እንዳይሰጠን አድርገን የጠየቅነው ሰው ስንት ይሆን?