ነጩ ክርና ጥቁሩ ክር

ተረቴን ስሙኝ፤ ልጆቹን የበላቸው አባታቸው ነው።

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዓሦች እንቁላል እንዲጥሉባቸው ሁለት የክር ጥቅሎች ተንጠልጥለው ነበር፤ አንዱ ሳሳ ያለ ነጭ፣ ሌላው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር።

«እታለም፣ እኔ ላይ ጣይ፤ እንቁላሎችሽ እንደ ዶቃ ያምራሉ» አላት ነጩ።

እናት ዓሣ ወደ ጥቁሩ ዞረች። «አንተ ጋስ?»

«እኔ ጋ አይታዩም» አላት ጥቁሩ።

«ታዲያ ምኑ ደስ ይላል?» አለችና ነጩን በእንቁላል ሞላችው። ሲደክማት የቀሩትን ጥቂቶች ጥቁሩ ውስጥ ወሽቃ ሄደች።

አባትየው መጣ። «እሰይ፣ የኔ ልጆች!» እያለ ከነጩ ላይ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ጥቁሩን ቢጎረጉረው አፉን ክር ብቻ ሞላው፤ ተፍቶት ሄደ።

በማግስቱ የገንዳው ባለቤት የተረፉት እንቁላሎች እንዳይበሉ ጥቁሩን ጥቅል አውጥቶ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ለብቻው አኖረው። ከዚያ ሁሉ የቀሩት በጣሳው ውስጥ የተፈለፈሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ አባታቸውን አያውቁትም።