ጳጉሜ ሠላሳ

ስሙማ! ቶሎ የሚደነግጥ ካለ ወደኔ ጠጋ ይበል፤ ይቺን ስናገር እኔም ራሴ እፈራለሁ።

ደሴ ከተማ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የምትሠራ የውብዳር የምትባል ዲዛይነር ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ሴቭ ማድረግ። ሥዕሉ የአባቷ ፊት ነው። አባቷ የሞተው እሷ ገና ሳትድህ ሲሆን አንድ ፎቶ እንኳ አልተወም። እናቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ቅንድቡን ወፈር አድርጊው፤ ኧረ አገጩ እንዲህ አልሾለም!» እያሉ ነገሯት፤ እሷም ሳለች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አፍንጫውን ስታስተካክል እናትየው ብድግ አሉ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» ብለው እልል ሊሉ ሲሞክሩ እንባ ቀደማቸው።

የውብዳር እናቷን ልታባብል ተነሣች፤ ሥዕሉን ሳታስቀምጥ። ወይ አለማሰብ! ሲረጋጉላት ደግሞ፣ «ሻይ እስኪመጣ ሥራ አይቁም» ብላ በዚያው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ስክሪፕቱን አስነሣችው። ስክሪፕት ማለት በተራ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይሄኛው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይሠራል፤ አለቃዋ ጋሽ ልሳነወርቅ ዘንድሮ ጽፈውት፣ የመስከረምን ወር ብቻ አሠርተው ሞክረውት፣ በጣም ኮርተውበታል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ቀኑን ሁሉ በየሣጥኑ ደረደረ። ጳጉሜ ላይ ደረሰ። ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቆመ? ምን ቆሞ! ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እንደገና ጳጉሜ አንድ! ሣጥን በሣጥን ላይ ሲደራረብ ገጹ ጠቆረ።

ይሄኔ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ፣ «ጢት!» አለ። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። እሱ ካለቀ የአባቷም ፊት አብሮ ያልቃል። የትናንቱ ሥዕል ተቀምጧል፤ የትናንቱ ግን የማንም ሰው ፊት ነበር።

«እማዬ፣ ቢጠፋ መልኩን ደግመሽ ትነግሪኛለሽ?»

«እንጃ ልጄ» አሉ እናትየው። «ዛሬም በስንት መከራ ነው የመጣልኝ። ድጋሚ ከሄደብኝ የሚመለስ አይመስለኝም።»

 የውብዳር የማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነች። «ማስቀመጫ፣ ማስቀመጫ፣ የአባቴን ፊት አስቀምጥልኝ!» «አላስቀምጥም፤ ፕሮግራሙ አልሰማኝም» አለ ማስቀመጫው። ጢት!

«ፕሮግራም፣ ፕሮግራም፣ ማስቀመጫውን ስማልኝ! ማስቀመጫው የአባቴን ፊት አላስቀምጥ አለ።» «አልሰማም፤ ያ ጳጉሜን የሚዞረው ዙር አንቆ ይዞኛል» አለ ፕሮግራሙ። እጇ በድንጋጤ ፕሮግራሙን በግድ ወደሚዘጋው ቁልፍ ሄደ፤ ደርሳ መለሰችው። ፕሮግራሙን ከገደለችው ሥዕሉንም ገደለችው ማለት ነው። ጢት!

«ዙር፣ ዙር፣ ፕሮግራሙን ልቀቅልኝ! ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን አልሰማ አለ፤ ማስቀመጫው የአባቴን ፊት አላስቀምጥ አለ።» «አልለቅም፤ ስክሪፕቱ ቁም አላለኝም» አለ ዙሩ፤ ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ጢት! ጢት!

ስክሪፕቱን ከፍታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። «ስክሪፕት፣ ስክሪፕት፣ ዙሩን ቁም በልልኝ! ዙሩ ፕሮግራሙን አልለቅ አለ፤ ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን አልሰማ አለ፤ ማስቀመጫው የአባቴን ፊት አላስቀምጥ አለ።» «አልልም» አለ ስክሪፕቱ። «ወር የሚያልቀው በሠላሳ ነው ተብዬ ተጽፌአለሁ። በየዙሩ ለብቻው ፋይል ውስጥ ያለውን የቀኖቹን ዝርዝር አነባለሁ፤ ዝርዝሩ ሠላሳን እስኪሰጠኝ ድረስ አንድ ብዬ እጀምራለሁ።» የውብዳር ግንባሯን መታች። አሥራ ሁለቱን ወር ያሰቡ ሰውዬ አሥራ ሦስተኛዋን ረስተዋታል! ጢት! ጢት!

«ዝርዝር፣ ዝርዝር፣ ለጳጉሜ ሠላሳን ስጥልኝ! ስክሪፕቱ ዙሩን ቁም አልል አለ፤ ዙሩ ፕሮግራሙን አልለቅ አለ፤ ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን አልሰማ አለ፤ ማስቀመጫው የአባቴን ፊት አላስቀምጥ አለ።» «አልሰጥም» አለ ዝርዝሩ። «ያለኝ አምስት ቀን ነው። ልትጨምሪብኝ ካሰብሽም በይለፍ ቃል ተቆልፌአለሁ፤ የሚከፍቱኝ ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው።»

ጋሽ ልሳነወርቅ ጉንፋን ጥሏቸው ቤታቸው ተኝተዋል። ደወለችላቸው፤ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ስድስተኛው ላይ አነሡት።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ! ዝርዝሩን ይክፈቱልኝና ለጳጉሜ ሠላሳ ቀን ልጻፍላት! ዝርዝሩ ሠላሳን አልሰጥ አለ፤ ስክሪፕቱ ዙሩን ቁም አልል አለ፤ ዙሩ ፕሮግራሙን አልለቅ አለ፤ ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን አልሰማ አለ፤ ማስቀመጫው የአባቴን ፊት አላስቀምጥ አለ!»

«ጳጉሜን ሠላሳ?» ሳል አቋረጣቸው። «አብደሻል እንዴ የውብዳር? አምና አንድ ቀን ተሳስተን ስንቱን ሰው ያለ ቀኑ ጾም አስፈታነው! ከዚያ ወዲህ ነው የቆለፍኩት። አልከፍትም።»

«ለአሁን ብቻ ነው ጋሼ!»

«ለአሁን ብቻ የተባለው ነው ተረስቶ የሚታተመው። ድኜ ስመጣ አየዋለሁ።»

ጢት፣ ጢት፣ ጢት! ባትሪው ትንፋሽ አጠረው። የውብዳር ስልኩን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አለቀልን። ጋሽ ልሳነወርቅ ዝርዝሩን አልከፍትም አሉ፤ ዝርዝሩ ሠላሳን አልሰጥ አለ፤ ስክሪፕቱ ዙሩን ቁም አልል አለ፤ ዙሩ ፕሮግራሙን አልለቅ አለ፤ ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን አልሰማ አለ፤ ማስቀመጫው የአባዬን ፊት...»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ስልኩን ከእጇ ወሰዱት።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይማርዎት» አሉ። «ስለ ማሽኑ አላውቅም። የዚህች ልጅ አባት የሞተብኝ በጳጉሜ ሁለት ነው። በአራተኛው ቀን እንቁጣጣሽ ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አበባ ይዞ ወጣ። ለሰው አለቀች፤ ለእኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጳጉሜ ናት። አምስት ቀን ናት ብለው አይከራከሩኝ። እባክዎ፣ ሠላሳ ይበሏትና ትለቅልኝ።»

  ጋሽ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ተናገሩ።

የውብዳር ዝርዝሩን ከፍታ ከአምስቱ ቀጥላ ጻፈች፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ጢት፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተሳሳተች፣ አጠፋች፣ ጢት ጢት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ!

ጋሽ ልሳነወርቅ ዝርዝሩን ከፈቱ፤ ዝርዝሩ ሠላሳን ሰጠ፤ ስክሪፕቱ ዙሩን ቁም አለ፤ ዙሩ ፕሮግራሙን ለቀቀ፤ ፕሮግራሙ ማስቀመጫውን ሰማ፤ ማስቀመጫውም የአባቷን ፊት አስቀመጠ። ዩፒኤሱ አንዴ ረዘም አድርጎ ጮኸና ጸጥ አለ። ስክሪኑም ጠፋ።

«ሠላሳውን እንዳትረሺ! አጥፊው!» ይላሉ ጋሽ ልሳነወርቅ በስልኩ ውስጥ። ማን ይስማቸው!

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው መብራት ጠበቁ። ተቀምጦ ይሆን? ተበላሽቶ ይሆን? ሻዩ መጥቶ ቀዘቀዘ፤ አንዳቸውም አልነኩትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የውብዳር ኮምፒውተሩን አበራችና ሥዕሉን ልትከፍት እጇን ዘረጋች፤ ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍና ተጫነችው።

ትከሻዋን የያዘው የእናቷ እጅ ቀስ እያለ ረገበ።

«ዓይንሽን ግለጪ» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። «ነይ፣ ከአባትሽ ጋር ላስተዋውቅሽ።»